የኩዌከር ሰባኪና ነጋዴን ሕይወትና ጉዞ ከሰነድ እንዴት እናቀናጅ? የጆን ዉልማን ምሳሌ

ኩዌከሮች «የወዳጆች ማኅበር» የሚባለው የፕሮቴስታንት ክርስቲያን ማኅበር አባላት ናቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኩዌከር ሰባኪ ደመወዝ አይቆረጥለትም ነበር። ቤተሰቡ የሚተዳደረው በሱቁ፣ በእርሻው ወይም በእጅ ሥራው ነው፤ እሱ መንገድ ሲወጣ ሥራው ይቆማል፣ ካልሆነም ሌላ ሰው ይይዘዋል። ስለዚህ የእንዲህ ዓይነት ሰው ታሪክ ተከፋፍሎ ነው የሚገኘው። መንፈሳዊ ነገሩ በጉዞ ማስታወሻው፣ ኑሮው በሒሳብ መዝገቡ፣ ፈቃዱና መሸኛው ደግሞ በጉባኤው ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል። ብዙ ጸሐፊ ማስታወሻውን ብቻ አንብቦ ይነሣና ሰውየውን እግሩ መሬት ያልነካ ቅዱስ ያደርገዋል። ትክክለኛው አካሄድ ሦስቱንም ጎን ለጎን ዘርግቶ በቀን በቀኑ ማገጣጠም ነው።

እዚህ ለምሳሌ የምንወስደው ጆን ዉልማንን ነው። በ1720 ኒው ጀርሲ፣ በርሊንግተን አውራጃ ተወለደ፤ በማውንት ሆሊ ከተማ የሱቅ ሠራተኛ፣ ቀጥሎ ልብስ ሰፊና ባለሱቅ ሆነ፤ በ1740ዎቹ መጀመሪያ ጉባኤው በሰባኪነት ተቀበለው፤ በ1772 እንግሊዝ አገር፣ ዮርክ ከተማ፣ በፈንጣጣ ሞተ። ባሪያ መያዝን በመቃወም ይበልጥ ይታወቃል። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍነው፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የመለስንበት ቦታ ላይ ዓ.ም. ብለናል።

ከምንም በፊት ሠንጠረዥ አዘጋጁ። ኤክሴልም ይሁን ደብተር፣ ሰባት ዓምድ ይበቃል፦ ቀኑ በሰነዱ ላይ እንደተጻፈ፣ ቀኑ ከተቀየረ በኋላ፣ ቦታ፣ አብሮት የተጓዘው ሰው፣ ርቀት በማይል፣ ምንጩ ከነገጹ፣ እና አስተያየት። የመጀመሪያውን ዓምድ በፍጹም አትንኩት። ስሕተት የተገኘ ዕለት መመለሻችሁ እሱ ብቻ ነው።

ቀኖቹ

ሥራው በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ እንስጠው። ኩዌከሮች የወራትና የቀናት ስሞች ከጣዖት አማልክት የመጡ ናቸው ብለው አይጠቀሙባቸውም ነበር፤ በቁጥር ይጠሩ ነበር። አንደኛ ቀን ማለት እሑድ ነው፣ ሰባተኛ ቀን ቅዳሜ። ረቡዕንና ሐሙስን አራተኛና አምስተኛ ብሎ መቁጠር ለእኛ አይከብድም። ጣጣው ወራቱ ላይ ነው።

እስከ 1751 ድረስ በእንግሊዝና በቅኝ ግዛቶቿ ሕጋዊው ዓመት የሚጀምረው ማርች 25 ነበር፤ ኩዌከሮችም ማርችን በሙሉ አንደኛ ወር ብለው ይቆጥሩ ነበር። በዚህ ስሌት ሴፕቴምበር ሰባተኛ፣ ኦክቶበር ስምንተኛ፣ ጃንዩወሪ አሥራ አንደኛ፣ ፌብሩወሪ አሥራ ሁለተኛ ወር ይሆናሉ። ከ1752 ጀምሮ ግን አንደኛ ወር ጃንዩወሪ ሆነ። በዚያው ዓመት ከጁልያን ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲሻገሩ 11 ቀን ተዘለለ፤ የሴፕቴምበር 2 ማግስት ሴፕቴምበር 14 ነበር።

ዉልማን የተወለደው 19ኛ ቀን፣ 8ኛ ወር፣ 1720 ነው። በዛሬ ልማድ የሚያነብ ኦገስት ይላል፤ ትክክሉ ኦክቶበር ነው። ከዚያ የሚከፉት የፈረንጆቹ ክረምት ወራት፣ ጃንዩወሪና ፌብሩወሪ ናቸው። «12ኛ ወር 1742» የሚል ቃለ ጉባኤ ብታገኙ በዛሬው አነጋገር ፌብሩወሪ 1743 ማለት ነው። ጥንቁቅ ጸሐፊዎች «1742/3» ብለው ሁለቱንም ዓመት ስለሚያሰፍሩ፣ ያቺን ጭረት (/) እንደ ክፍልፋይ አይታችሁ አትጣሏት። በማርች ውስጥ የዋለ ቀን ሲያጋጥማችሁ ደግሞ ዓመቱን ከፊትና ከኋላ ካሉት ቃለ ጉባኤዎች ጋር ሳታመሳክሩ አታስገቡ።

ሌላ ወጥመድ አለ፦ «6ኛ ቀን» የሚለው ዓርብንም የወሩን ስድስተኛ ቀንም ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ዕለቱን አስልቶ መፈተሽ ነው። ማስታወሻው ዉልማን ለንደን የደረሰው በ8ኛ ቀን፣ 6ኛ ወር፣ 1772 ነው ይላል። ከ1752 በኋላ ስለሆነ ጁን 8 ነው፤ በስሌት ሰኞ ላይ ይውላል። ሌላ ደብዳቤ ያንኑ መድረስ «2ኛ ቀን» ብሎ ቢጠራው ሁለቱ ይስማማሉ፤ «4ኛ ቀን» ቢል ግን አንዱ ተሳስቷልና ሠንጠረዡ ላይ ምልክት አድርጉ። በአሜሪካ ልማድ የተዘጋጀ የዘመኑ ማውጫ ስትጠቀሙ ደግሞ 6/8 እና 8/6 ቦታ ተቀያይረው እንዳያሳስቷችሁ የመጀመሪያውን ጽሑፍ እዩ።

ወደ እኛ ዘመን አቆጣጠር መመለስ

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል የሚለው ከ1900 ወዲህ ላለው ዘመን ነው የሚሠራው። በ1752 እና በ1800 መካከል ለተጻፈ ቀን መስከረም 1 ሴፕቴምበር 9 ነው፤ በ1800ዎቹ ደግሞ ሴፕቴምበር 10። የዛሬውን ሠንጠረዥ ለ18ኛው ክፍለ ዘመን የሚጠቀም ሰው ሁለት ቀን ይስታል።

ከ1752 በፊት ያለው ግን ለእኛ ይቀለናል። የጁልያን አቆጣጠርም የእኛም በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ስለሚጨምሩ ልዩነታቸው ከክፍለ ዘመን ክፍለ ዘመን አይንሸራተትም፤ መስከረም 1 ሁልጊዜ በጁልያኑ ኦገስት 29 ነው። በሁሉም ስሌት ላይ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ፣ ማለትም ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ፣ መስከረም 1 አንድ ቀን ይዘገያል፤ ልዩነቱ እስከ ፌብሩወሪ መጨረሻ ይቆያል።

በዚህ ስሌት የዉልማን ልደት፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1720 በጁልያን፣ ጥቅምት 22 ቀን 1713 ዓ.ም. ይሆናል። ከኦገስት 29 ተነሥታችሁ ቁጠሩ፦ 51 ቀን አልፎ 52ኛው ላይ ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ ላይ 30 መስከረም ሲወጣ 22 ይቀራል። ሞቱ ኦክቶበር 7 ቀን 1772 በጎርጎርዮስ ነው። ከሴፕቴምበር 9 ሲቆጠር መስከረም 29 ቀን 1765 ዓ.ም.፣ ዕለቱም ረቡዕ ነው። በዛሬው ሠንጠረዥ ብትሠሩት መስከረም 27 ይወጣ ነበር።

የኋላ ዘመን ሰው ከመረጣችሁም ጥንቃቄው አይቀርም። ፈረንሳይ ተወልዶ በኒው ዮርክ የነገደው ኩዌከሩ እስቲቨን ግሬሌት ከለንደኑ የመድኃኒት ነጋዴ ከዊልያም አለን ጋር ሩሲያን የጎበኘው በ1818 እና በ1820 መካከል ነው። ሩሲያ ያኔ ገና በጁልያን አቆጣጠር ላይ ስለነበረች ከምዕራቡ 12 ቀን ወደኋላ ነበረች። ከሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ከቀዳማዊ አሌክሳንደር ጋር የተገናኙበትን ቀን ከሩሲያ ሰነድ ካገኛችሁት ከሁለቱ ኩዌከሮች ማስታወሻ ጋር በቀጥታ አይገጥምም።

መሸኛው

አንድ ሰባኪ ልቡ ለጉዞ ቢነሣሣም በራሱ ፈቃድ አይሄድም ነበር። ሐሳቡን ለወርሃዊው ጉባኤ፣ የአካባቢው ኩዌከሮች በየወሩ ለሚያካሂዱት የሥራ ስብሰባ፣ ያቀርባል፤ ጉባኤው ካመነበት የምስክር ወረቀት ይጽፍለታል። ሲመለስ ወረቀቱን ያስረክባል፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ይያዛል። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት መሸኛ ከሚባለው ብዙም የራቀ አይደለም። ባሕር ማዶ ለመሻገር አንዱ ወረቀት አይበቃም። ወርሃዊው ጉባኤ፣ የሩብ ዓመቱ ጉባኤ፣ ከዚያም የሰባኪዎችና የሽማግሌዎች ጉባኤ በየተራ ይመሰክራሉ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጉዞ ሁለት ቀን ፈልጉ፦ መሸኛው የተሰጠበትንና የተመለሰበትን። ማስታወሻው «ተነሣሁ» የሚለው ቀን ከመሸኛው ቀን ሳምንታት ወይም ወራት ሊዘገይ ይችላል፤ ይህ ተቃርኖ አይደለም። ተቃርኖ የሚሆነው መነሻው ከመሸኛው ሲቀድም ነው። ያኔ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከላይ ያየነው የወር ቆጠራ ነውና መጀመሪያ እሱን ፈትሹ። የዉልማን ወርሃዊ ጉባኤ የበርሊንግተኑ ነው። የማውንት ሆሊ ወርሃዊ ጉባኤ የተቋቋመው ከሞተ በኋላ ስለሆነ በዚያ ስም ብትፈልጉት አታገኙትም። ማውጫ ላይ ሰው ጠፋ ሲባል አንዱ የተለመደ ምክንያት ይኸው ነው፤ የሰውየው ከተማና የጉባኤው ስም አይገጥሙም።

ወንዶችና ሴቶች የሥራ ስብሰባቸውን ለየብቻ ያካሂዱ ስለነበር መዝገባቸውም የተለያየ ነው። በ1749 ያገባት ሚስቱ ሣራ ኤሊስ በማስታወሻው ውስጥ እምብዛም አትታይም። የእሷን ዱካ የምትከተሉት በሴቶች ጉባኤ መዝገብ ነው፤ ያንን ያልከፈተ ሰው የቤቱን ግማሽ ሳያይ ነው የሚጽፈው።

የሒሳብ መዝገቡ

የዘመኑ ባለሱቅ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ትይዩ ሁለት ገጽ ይከፍታል። በግራው ደንበኛው የወሰደው፣ በቀኙ የከፈለው ይሰፍራል። ክፍያው ሁልጊዜ ገንዘብ አይደለም፤ የቀን ሥራ፣ እህል፣ እንጨትም ሊሆን ይችላል። ከመደመራችሁ በፊት ምንዛሪውን ልመዱ፦ 12 ፔኒ አንድ ሺሊንግ፣ 20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ። 2 ፓውንድ ከ8 ሺሊንግ ከ4 ፔኒ የሚልን 2.84 ብሎ ኤክሴል ውስጥ ማስገባት ድምሩን ሁሉ ያበላሻል። ሁሉንም ወደ ፔኒ ለውጡት፦ 480፣ 96 እና 4 ተደምሮ 580 ፔኒ።

ይህም ገና የአገር ውስጡ ፓውንድ ነው። በፔንሲልቬንያና በምዕራብ ኒው ጀርሲ የስፔኑ የብር ዶላር በ7 ሺሊንግ ከ6 ፔኒ (90 ፔኒ) ይመነዘር ነበር፤ በእንግሊዝ ስተርሊንግ ግን በ4 ሺሊንግ ከ6 ፔኒ (54 ፔኒ)። ስለዚህ የአገር ውስጡን በ0.6 ብታባዙት ግምታዊ የስተርሊንግ ዋጋውን ታገኛላችሁ፤ 580ው ወደ 348 ፔኒ ይወርዳል፣ ማለትም 1 ፓውንድ ከ9 ሺሊንግ። ኒው ዮርክና ቨርጂንያ ለዚያው ዶላር ሌላ ምንዛሪ ስላላቸው ዋጋው የተጻፈበትን ቅኝ ግዛት በአስተያየት ዓምዱ ላይ መዝግቡ።

አሁን መዝገቡን ከማስታወሻው ጋር አገናኙት። በመዝገቡ ውስጥ ሳምንታት ያለ ጽሑፍ ሲያልፉ፣ ወይም የእጅ ጽሑፉ ሲለወጥ፣ ባለቤቱ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ሊታመምም ይችላል። ለብቻው ማስረጃ አይሆንም፤ ከመሸኛው ጋር ሲገጥም ግን ጠንካራ ነው።

የዉልማን ንግድ የጀመረው በልብስ ማሟያዎች ነው፤ ከዚያ ወደ ሱፍና በፍታ ጨርቅ አደገ፣ ሽያጩም በየዓመቱ ጨመረ። በ1756 «ሥራዬ ሸክም ሆነብኝ» ብሎ ሸቀጡን ተወ። ይህን ሲጽፍ ኪሣራ የለም፣ ግፊትም የለም፤ እየሰፋ ያለ ሱቅ ነው የዘጋው። ደንበኞቹ ሌላ ሱቅ እንዲያስቡ አስቀድሞ ነገራቸው፣ ከዚያ ያለ ተለማማጅ ብቻውን ልብስ እየሰፋ፣ የፖም ችግኝ እያፈላ ኖረ። ምክንያቱን ለመረዳት የመዝገቡን የግራ ገጽ እዩ። ሽያጩ በአብዛኛው ዱቤ ነበር። ድሃ ሰው ከአቅሙ በላይ ይወስዳል፤ መክፈያው ሲደርስ ያጣል፤ አበዳሪው ይከሳል። ማስታወሻው ይህንኑ በግልጽ ይናገራል። ዉልማን ድሆችን ርካሽና ጠቃሚውን ዕቃ እንዲመርጡ ይመክር ነበር፤ የማን ዕዳ የት እንደደረሰ በየገጹ የሚያይ ሰው ነውና። የንግዱን መዝገብ ከመንፈሳዊው የምንለይበት ምክንያት የለም የምንለው ለዚህ ነው።

አንዳንዴም ማስታወሻው ወደ ኋላ ይመራችኋል። በ1769 ወደ ባርባዶስ ለመሄድ ሲያስብ፣ ቀድሞ የሮም አረቄ፣ ስኳርና ሞላሰስ በችርቻሮ መሸጡን፣ እነዚያም የባሪያ ጉልበት ፍሬ መሆናቸውን ጽፏል። እንዲህ ዓይነት የኋላ ኑዛዜ ስታገኙ ቆም በሉና ወደ ቀደሙት ዓመታት መዝገብ ተመልሳችሁ ዕቃዎቹን በስም ፈልጉ። በወጣትነቱም በጸሐፊነት በተቀጠረበት ሱቅ ጌታው የሸጣትን ጥቁር ሴት የሽያጭ ውል እንዲጽፍ ታዝዞ ጽፎታል፤ ባሪያ መያዝ ከክርስትና ጋር አይሄድም ብሎ ለሻጩም ለገዢውም የነገራቸው እዚያው ነው። ውሉን መጻፉንም መቃወሙንም አብራችሁ አቅርቡ፤ አንዱን ብቻ ነጥሎ ማውጣት ሰውየውን ማዛባት ነው።

መንገዱ

ርቀትን ሰባኪዎቹ በግምት ነው የሚጽፉት። በ1746 ከአይዛክ አንድሩስ ጋር ወደ ሜሪላንድ፣ ቨርጂንያና ሰሜን ካሮላይና ሲሄድ ወደ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ በግምት 1500 ማይል በፈረስ ተጉዟል። ይህ ወደ 2400 ኪሎ ሜትር ነው፤ በቀን ሲካፈል 26 ኪሎ ሜትር አካባቢ። አማካዩ የስብሰባና የዕረፍት ቀኖችንም ስለያዘ የጉዞ ቀኖቹ ከዚህ ይረዝማሉ። በካርታ ላይ ስታሰምሩ የዛሬውን አውራ ጎዳና አትከተሉ፤ ከአንዱ የኩዌከር መሰብሰቢያ ቤት ወደ ሌላው አሰምሩ፣ የሚያድረው እዚያ አካባቢ ባሉ ቤተሰቦች ዘንድ ነውና።

በማን ቤት እንዳደረ መመዝገብ ደግሞ እጅግ ይጠቅማል። በ1757ቱ የደቡብ ጉዞ ያስተናገዱት ብዙዎቹ ባሪያ የያዙ ነበሩ። በነፃ መስተናገዱ የባሮቹን ጉልበት በነፃ መብላት ሆኖ ስለታየው ትናንሽ የብር ሳንቲም ይዞ ሄደ፤ ሲነሣም ለባሮቹ አንዳንዴ በእጁ፣ አንዳንዴ በጌታቸው በኩል ይሰጥ ነበር።

በ1763 ሰስክዌሃና ወንዝ ላይ ወዳለችው ዋያሉሲንግ፣ ወደ ነባሮቹ ሕዝቦች መንደር ሄዷል። ከዚህ ጉዞ ብዙ የሚጠቀሰው ፓፑነሃንግ የተባለው መሪ ያለው ነው። ዉልማን ያለ አስተርጓሚ ጸለየ፤ መሪው በኋላ «ቃላት ከየት እንደሚመጡ በውስጤ ሲሰማኝ ደስ ይለኛል» አለ። ይህ ቃል ለዉልማን የደረሰው በአስተርጓሚ ነው። ስትጠቅሱት እንደዚያው ብላችሁ ጥቀሱ።

ከሁሉ የበለጠ ፍሬ ያለው የመጨረሻው የእንግሊዝ ጉዞ ነው። ሜይ 1 ቀን 1772 «ሜሪ ኤንድ ኤልዛቤት» በተባለች መርከብ ተሳፈረ። ከተሳፋሪዎቹ ጓዳ (ካቢን) ውጪ በኩል ያለው ጌጠኛ ቅርጻ ቅርጽ ትርፍ ወጪ መስሎ ስለታየው በታችኛው ክፍል ከመርከበኞቹ ጋር ተኛ። ከ38 ቀን በኋላ ለንደን ሲወርድ በቀጥታ ወደ ሰባኪዎቹና ሽማግሌዎቹ ዓመታዊ ጉባኤ ገባ። ከዚያ ወደ ሰሜን በእግሩ ነው የሄደው፤ የሠረገላ ፈረሶች በፍጥነት ብዛት እንደሚሞቱ፣ በክረምትም ልጅ ነጂዎች በብርድ እንደሚያልቁ ስለሰማ በሠረገላ መሳፈርን አልፈለገም።

በየደረሰበት ዋጋ ይጠይቃል፤ ባለሱቅነቱ እዚህ ላይ ይታያል። በለንደን አቅጣጫ ባሉ አውራጃዎች የቀን ሠራተኛ ደመወዝ 10 ፔኒ ነው፣ ምግቡን ራሱ ይችላል። ስንዴ በቡሼል 8 ሺሊንግ፣ ቅቤ በፓውንድ ሚዛን ከ8 እስከ 10 ፔኒ፣ የድሃ ቤት ኪራይ በዓመት ከ25 እስከ 40 ሺሊንግ፣ በየሳምንቱ የሚከፈል። በፋብሪካ የሚፈትሉ ሴቶች ከ4 እስከ 10 ፔኒ በቀን። እነዚህን ቁጥሮች እንዲሁ መገልበጥ አይበቃም፤ አካፍሏቸው። 8 ሺሊንግ 96 ፔኒ ነው፣ ስለዚህ ወደ 27 ኪሎ የሚጠጋ አንድ ቡሼል ስንዴ ወደ አሥር ቀን የሚጠጋ ድካም ይበላል። በቀን 4 ፔኒ ለምታገኝ ፈታይ ደግሞ 24 ቀን። አንድ ፓውንድ ቅቤ የወንዱን ሙሉ ቀን ሊወስድ ይችላል። ዉልማን ከዝርዝሩ ቀጥሎ ባለጠጎች ድሆችን ያስቡ ዘንድ የሚጮኸው ከየት እንደመጣ አንባቢያችሁ የሚያየው ስሌቱን ስትሠሩለት ነው።

የታተመውን ከእጅ ጽሑፉ ማመሳከር

ማስታወሻው በ1774 ፊላደልፊያ ሲታተም የጉባኤው አዘጋጆች አርመውታል፤ ከሕልሞቹም ያወጡት አለ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን እትሞች ብዙዎቹ ከዚያ የተቀዱ ስለሆኑ ያንኑ ጉድለት ይዘዋል። ከእጅ ጽሑፎቹ የተዘጋጀ የ20ኛው ክፍለ ዘመን እትም ምረጡ። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ክርክር ልትመሠርቱ ከሆነ በሁለት እትም ሳታዩት አትጥቀሱት፤ አንዳንድ አዘጋጅ የወራቱን ቁጥር ወደ ዘመኑ ስሌት የለወጠበት አጋጣሚ ስለሚኖር በመግቢያው ላይ ምን እንዳደረገ አንብቡ፤ አለበለዚያ የተለወጠውን እንደገና ትለውጡታላችሁ። የዮርክ የመጨረሻ ቀኖቹ ታሪክ ያስታመሙት ሰዎች የጻፉት ነው፤ በምንጭ ዓምዱ ላይ «በሌላ እጅ» በሉት።

ሰነዶቹን በአካል ማየት ለሚፈልግ፣ ዋናዎቹ የኩዌከር ስብስቦች ያሉት ፊላደልፊያ አጠገብ በስዋርዝሞርና በሃቨርፎርድ ኮሌጆች ነው። ከፊላደልፊያ በከተማ ዳር ባቡር ይደረሳል፤ እዚያና በዋሽንግተን አካባቢ ለምትኖሩ ወገኖች የአንድ ቀን መንገድ ነው። ለእንግሊዙ ጉዞ ለንደን፣ ዩስተን መንገድ ላይ ያለው የወዳጆች ማኅበር ቤተ መጻሕፍት አለ። ከመሄዳችሁ በፊት የጉባኤውን ስም፣ የወንዶች ወይም የሴቶች መሆኑን፣ የምትፈልጉትን ዓመታት በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ በኢሜይል ላኩ። የ1742ን ቃለ ጉባኤ ስትጠይቁ የ1743ንም ጨምሩ፤ የጃንዩወሪና የፌብሩወሪ ስብሰባዎች በየትኛው ጥራዝ እንደተጠረዙ ሳይከፈት አይታወቅም። እርሳስ ብቻ ይዛችሁ ግቡ፤ ብዙ የቤተ መዛግብት ንባብ ክፍሎች እስክሪብቶ አያስገቡም።